በአጥንት ውስጥ የሚገባን ብረት ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ረቂቅ ሽፋን

ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው ወይም በባጃጅ አደጋ እግሩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞች አጥንቱን በብረት ሊያያይዙለት ይችላሉ። ይህ ሕክምና ብዙዎችን ዳግም በእግራቸው አቁሞ ለእርሻቸውና ለሥራቸው አብቅቷል። ይሁን እንጂ ብረቱ በገባበት ቦታ ባክቴሪያ ከሰፈረ ቁስሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መግል ያፈስሳል። ቀዶ ሕክምናው ይደጋገማል፤ የቤተሰብ ጥሪት ይሟጠጣል፤ ሲከፋም እግርን እስከ መቁረጥ ይደርሳል።

ይህንን ችግር ለመከላከል በተለያዩ ሀገራት የሚገኙ ተመራማሪዎች በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ሽፋን እየሠሩ ነው። ሽፋኑ ባክቴሪያን እንዲገድል ወይም ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ እንዲያደርግ ታስቦ የሚዘጋጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ሽፋኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ምን ውጤት እንዳስገኘ እና ሽፋኑ ባልደረሰበት አካባቢ የሚኖር ሰው ከዚህ ዕውቀት ምን እንደሚጠቀም ያስረዳል።

ብረት በአጥንት ውስጥ ለምን ይገባል?

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። የተሰበረ አጥንት በትክክል ተገጣጥሞ ሳይነቃነቅ ከቆየ ራሱን በራሱ ይጠግናል። ለቀላል ስብራት ጄሶ ሊበቃ ይችላል። የጭን አጥንት ሲሰበር ግን ጠንካራዎቹ የጭን ጡንቻዎች ስብራቱን ስለሚጎትቱት በጄሶ ብቻ አቅንቶ መያዝ ያስቸግራል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸር እ.አ.አ በ1939 ረጅም የብረት ዘንግ በአጥንቱ መቅኔ መስመር ውስጥ በማስገባት ስብራትን የማከም ዘዴ ጀመረ። ዛሬም ሐኪሞች እንደ ስብራቱ ዓይነት ዘንግ፣ ዝርግ ብረትና ብሎን ይጠቀማሉ።

በሀገራችንም ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.አ.አ በ1999 በአሜሪካ የተመሠረተው ሳይን የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም ሊገባ የሚችል የብረት ዘንግ ያቀርባል። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ እና በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች ይህንን ዘንግ ከሚጠቀሙት መካከል ናቸው።

ለዚህ ሕክምና በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት ማዕድናት ናቸው። አንደኛው የማይዝግ ብረት ነው። ሁለተኛው ቲታኒየም ሲሆን ከብረት ይቀልላል፤ ከአጥንትም ጋር ይበልጥ ይስማማል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገባው የቲታኒየም መመልከቻ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ ማለቱን አስተዋለ። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር የሚዋሐድ መሆኑ ለአጥንትና ለጥርስ ሕክምና ትልቅ በር ከፍቷል። በዚህ ጽሑፍ ለአገላለጽ እንዲመች ሁለቱንም "ብረት" እንላቸዋለን።

ባክቴሪያ በብረት ላይ ለምን ይበረታል?

በሕያው ሥጋ ውስጥ የገባን ባክቴሪያ የሚዋጉት የነጭ ደም ሕዋሳት ናቸው። ለታካሚው የሚሰጠው መድኃኒትም በደም ተጉዞ ነው ቁስሉ ጋር የሚደርሰው። ብረት ግን የደም ሥር የለውም። በመሆኑም በብረቱ ገጽ ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ የሰውነት መከላከያም ሆነ መድኃኒቱ በሚገባ የማይደርስበት መጠለያ አገኘ ማለት ነው።

እ.አ.አ በ1957 ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ቆዳ ውስጥ መግል እንዲቋጥር በሚሊዮኖች መቆጠር ነበረበት። በቆዳው ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክር ሲኖር ግን ጥቂት መቶ ባክቴሪያዎች ብቻ መግል ለማስቋጠር በቁ። አንዲት ቀጭን ክር ይህንን ያህል ለውጥ ካመጣች ረጅም ዘንግ ወይም ዝርግ ብረት የሚፈጥረውን ዕድል መገመት አያዳግትም።

በአጥንት ላይ ከሚደርሰው ማመርቀዝ ጀርባ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ቆዳና አፍንጫ ላይ ያለ ጉዳት ይኖራል። በተከፈተ ቁስል ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወደ ውስጥ ከገባ ግን በብረቱ ላይ ተጣብቆ ይራባል። ከዚያም የሚያጣብቅ ንፍጥ መሰል ነገር አመንጭቶ በውስጡ ይደበቃል። ሳይንቲስቶች ይህንን ባዮፊልም ይሉታል።

ባዮፊልም ለአርሶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም። የከብት ማጠጫ ገንዳ ሳይታጠብ ሲሰነብት በግድግዳው ላይ የሚይዘው ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ከዚሁ ወገን ነው። ውኃውን ደፍቶ በአዲስ መተካት ብቻውን አያስለቅቀውም፤ በደንብ መፈተግን ይጠይቃል። በአጥንት ውስጥ ባለ ብረት ላይ የተሠራ ባዮፊልምም እንዲሁ ነው። በውስጡ የተደበቀውን ባክቴሪያ ለመግደል በነጻነት ለሚንሳፈፈው ከሚበቃው ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህንን ያህል መድኃኒት ደግሞ የሰው አካል አይችለውም። ለዚህም ነው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቁስሉን ዳግም ከፍተው ለመጥረግ፣ ብረቱንም አውጥተው ለመቀየር የሚገደዱት።

ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል

አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና እ.አ.አ በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ችግሩን በውድድር መስሎ ገልጾታል። ብረቱ በሰውነት ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ የአጥንት ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች ገጹን ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። የአጥንት ሕዋሳት ቀድመው ከሸፈኑት ባክቴሪያው ማረፊያ ያጣል። ባክቴሪያው ከቀደመ ደግሞ አጥንቱ ከብረቱ ጋር መያያዝ ይሳነዋል።

ነገሩ ከሰብልና ከአረም ፉክክር ጋር ይመሳሰላል። ሰብሉ ቀድሞ በቅሎ መሬቱን ካለበሰ አረሙ ብርሃንና ቦታ ያጣል። አረሙ ከቀደመ ግን ሰብሉ ይቀጭጫል። የናኖ ሽፋን ዓላማም የአጥንት ሕዋሳት ገጹን እስኪይዙ ድረስ ባክቴሪያውን ማዘግየት ወይም መግደል ነው።

ናኖ ማለት ምን ማለት ነው?

ናኖ ሜትር የርዝመት መለኪያ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 1 ሚሊዮን እኩል ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፋይ 1 ናኖ ሜትር ይሆናል። የሰው ጸጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ስታፊሎኮከስ ደግሞ 1 ሺህ ናኖ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በብረቱ ላይ የሚሠሩት ቀዳዳዎችና ሾጣጣዎች ከዚህም ያነሱ ሲሆኑ ብዙዎቹ ከ200 ናኖ ሜትር አይበልጡም። ለእጃችን ልስልስ የሆነው ብረት ለባክቴሪያው ወጣ ገባ የበዛበት ምድር ይሆናል።

እንዲህ ያለው ረቂቅ ቅርጽ የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት የጎደሬን ወይም የጥቅል ጎመንን ቅጠል ማስተዋል ይበቃል። በቅጠሉ ላይ የወደቀ የዝናብ ጠብታ ሳይበተን እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይንከባለላል። ምክንያቱ በቅጠሉ ላይ ያለው በዓይን የማይታይ የሰም ቅንጣት ነው። ቅጠሉ ውኃን የሚያባርረው በምንነቱ ብቻ ሳይሆን በገጹ ቅርጽም ጭምር ነው። ተመራማሪዎችም የብረቱን ገጽ ቅርጽ በመለወጥ ባክቴሪያ በቀላሉ የማይጣበቅበት ለማድረግ ይሞክራሉ።

ዋና ዋናዎቹ የሽፋን ዓይነቶች

የብር ሽፋን፦ ይህ ብር ለጌጥ የሚውለው ማዕድን ነው። ብር እርጥበት ሲያገኝ ጥቂት በጥቂት የሚለቃቸው ረቂቅ ቅንጣቶች የባክቴሪያውን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖችም ሥራ ያስፈታሉ። በናኖ መጠን የተፈጨ ብር በጥቅሉ ከአንድ ወጥ ብር እጅግ የሰፋ ገጽ ስላለው በጥቂት መጠን ብዙ መሥራት ይችላል።

ረቂቅ ቱቦዎች፦ ቲታኒየም ፍሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት በገጹ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጥቃቅን ቱቦዎች ይፈጠራሉ። የኤሌክትሪኩን መጠን ከፍና ዝቅ በማድረግ የቱቦዎቹን ስፋት መወሰን ይቻላል። በቱቦዎቹ ውስጥ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወይም ብር ሲሞላ ሽፋኑ መድኃኒቱን ቁስሉ ባለበት ቦታ ላይ ቀስ በቀስ ይለቃል።

የአዮዲን ሽፋን፦ አዮዲን ለቁስል ማጽጃነት የታወቀ ነው። በጃፓን የካናዛዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በኤሌክትሪክ ኀይል በቲታኒየም ላይ በቀዳዳ የተሞላ ሽፋን ሠርተው አዮዲንን በውስጡ አኑረዋል።

ያለ መድኃኒት የሚገድል ገጽ፦ እ.አ.አ በ2012 በአውስትራሊያ የስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲካዳ የተባለው፣ በዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ የሚውለው ነፍሳት ክንፉ ባክቴሪያ እንደሚገድል አሳወቁ። በክንፉ ላይ የተተከሉት 200 ናኖ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው ሾጣጣዎች የተቀመጠባቸውን ባክቴሪያ ግድግዳ ወጥረው ይቀድዱታል። ሥራው የቅርጹ እንጂ የመርዝ አይደለም። የሲካዳ ክንፍ ግን ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ስታፊሎኮከስን በዚህ መልኩ መግደል አልቻለም። በ2013 የተጠና የሌላ ነፍሳት ክንፍ እና በላቦራቶሪ የተሠራ ጥቁር ሲሊኮን ሁለቱንም ዓይነት ባክቴሪያ መግደላቸው ተስፋ ሰጥቷል። አሁን ጥረቱ ተመሳሳይ ሾጣጣዎችን በቲታኒየም ላይ መሥራት ነው።

በሰው ላይ የታየው ውጤት

በላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ በሰው አካል ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። በሰው ላይ የተሞከሩት ሽፋኖች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከናኖ መጠን የሚወፍሩ ናቸው።

በጀርመን የሙንስተር ከተማ ሐኪሞች በካንሰር ምክንያት አጥንታቸው ተወግዶ በብረት የተተካላቸውን ታካሚዎች አነጻጽረው እ.አ.አ በ2010 ውጤቱን አሳውቀዋል። የብር ሽፋን ያለው ብረት ከገባላቸው 51 ሰዎች መካከል ያመረቀዘባቸው 5 ነጥብ 9 በመቶ ነበሩ። ያለ ብር ሽፋን ቲታኒየም ከገባላቸው 74 ሰዎች መካከል ደግሞ 17 ነጥብ 6 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ሰፊ ቢመስልም የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ውጤቱ ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ አልተወሰደም።

የካናዛዋ ሐኪሞችም በአዮዲን የተሸፈነ ብረት የገባላቸውን 222 ታካሚዎች ውጤት እ.አ.አ በ2012 አሳትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 158ቱ ብረቱ የገባላቸው እንዳያመረቅዝባቸው ለመከላከል ነው። ቀሪዎቹ 64ቱ አስቀድሞ ያመረቀዘባቸው ነበሩ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ ሆኖም ታካሚዎቹ ሽፋን ከሌለው ብረት ጋር በዕጣ ተከፍለው የተነጻጸሩ አልነበሩም።

በዕጣ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ በአውሮፓ የተካሄደው ነው። እ.አ.አ በ2017 በታተመው በዚህ ጥናት የ253 ሰዎች ውጤት ተመዝኗል። ለአንደኛው ቡድን ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተቀላቀለበትን የሚሟሟ ዝልግልግ ነገር በብረቱ ላይ ቀባ። ከዚህ ቡድን ያመረቀዘበት ሰው አልነበረም። ካልተቀባለት ቡድን ግን ስድስት ሰዎች አመርቅዞባቸዋል። ጀንታማይሲን በተባለው መድኃኒት የተሸፈነ የቅልጥም አጥንት ዘንግም በአውሮፓ ለአገልግሎት በቅቷል።

ያልተፈቱ ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር መጠን ነው። ብር ባክቴሪያን የሚገድለውን ያህል ሲበዛ የአጥንት ሕዋሳትንም ይጎዳል። የብር ሽፋን ያለው ብረት ከገባላቸው አንዳንድ ታካሚዎች መካከል በአካባቢው ያለው ቆዳ ግራጫ ቀለም የያዘባቸው ታይተዋል።

ሁለተኛው የሽፋኑ ጥንካሬ ነው። ዘንግ በመዶሻ እየተመታ፣ ብሎን ደግሞ እየጠበቀ ነው ወደ አጥንት የሚገባው። በዚህ ጊዜ ስስ ሽፋን ሊላጥ፣ ረቂቅ ሾጣጣም ሊሰበር ይችላል። በሾጣጣዎቹ ላይ የሞቱ ባክቴሪያዎች ቅሪትም ገጹን ሸፍኖ ለሌሎች መረማመጃ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መላመድ ነው። ባክቴሪያ መድኃኒትን እንደሚለማመድ ሁሉ ብርንም ሊለማመድ ይችላል። እ.አ.አ በ1975 በአሜሪካ ቦስተን በቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ብርን የተቋቋመ ባክቴሪያ መገኘቱ ተመዝግቧል።

አራተኛው ዋጋና ተደራሽነት ነው። የቱቦ ሽፋን በዋናነት ለቲታኒየም የሚሠራ ነው። አቅም ባነሳቸው ሀገራት ግን በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ዋጋው የሚቀንሰው የማይዝግ ብረት ነው።

ሽፋኑ እስኪደርስ ምን እናድርግ?

ሽፋኑ የሚሮጠው ውድድር አደጋው ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ የሚካሄደው ውድድር ነው። ባክቴሪያውን ለመቅደም የሚያስችሉ፣ በእጃችን ያሉ መንገዶችም አሉ። እ.አ.አ በ1974 በአሜሪካ በታተመ ጥናት አጥንታቸው ቆዳቸውን ቀድዶ ከወጣ ታካሚዎች መካከል ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያላገኙት 13 ነጥብ 9 በመቶ አመርቅዞባቸዋል። ሴፋሎቲን የተባለውን መድኃኒት ካገኙት ግን ያመረቀዘባቸው 2 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ በፈጠነ ቁጥር ይመረጣል፤ ከተቻለ አደጋው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።

ቁስልን አጥቦ ማጽዳትም የተራቀቀ መሣሪያ የግድ አይፈልግም። እ.አ.አ በ2015 የታተመ ከ2 ሺህ 400 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ሐኪሞች ክፍት ስብራትን ሲያጥቡ በዝቅተኛ ግፊት የሚፈስ የጨው ውኃ ከከፍተኛ ግፊት ማሽን የማያንስ መሆኑን አረጋግጧል።

በመሆኑም አጥንት ተሰብሮ ቆዳ ከተቀደደ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፦

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ ደም የሚፈስስ ከሆነ በጨርቁ ላይ አጥብቆ መጫን። በቁስሉ ላይ አፈር፣ እበት፣ የቡና ዱቄት ወይም ቅጠል አለማድረግ። የወጣን አጥንት ወደ ውስጥ ለመመለስ አለመሞከር።

እግሩ ወይም እጁ እንዳይነቃነቅ በእንጨት ደግፎ ማሰር፤ ሆኖም አለማጥበቅ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ማላላት።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባትም መጠየቅ። ወጌሻ በማኅበረሰባችን የተከበረ ባለሙያ ነው። ቆዳን የቀደደ ስብራት ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተጠብቆ በመታሰሩ ደም ተቋርጦበት የተቆረጠ እጅና እግር በሀገራችን ሆስፒታሎች የሚታወቅ ጉዳት ነው።

ብረት የገባለት ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም የቁስሉን ንጽሕና መጠበቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ መጨረስና በቀጠሮው መገኘት አለበት። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ እብጠት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ካየ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መመለስ ይኖርበታል። ባዮፊልሙ ሳይጠነክር የተደረሰበት ማመርቀዝ ብረቱን ሳያወጡ ሊድን የሚችልበት ዕድል አለው።

ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ያለ ትእዛዝ ለሰውም ሆነ ለከብት መስጠት ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ዛሬ በበረት ውስጥ መድኃኒትን የተለማመደ ባክቴሪያ ነገ ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል። ያን ጊዜ በሽፋኑ ውስጥ የሚሞላው መድኃኒትም ጉልበት ያጣል። የእንስሳት ሐኪም ያዘዘውን መጠንና የቀናት ብዛት መጠበቅ ከብቱንም ባለቤቱንም ይጠቅማል።

የናኖ ሽፋን ለነገ ተስፋ የሚጣልበት ሥራ ነው። የሚሠራው ግን ንጹሕ ቁስል፣ በጊዜ የተሰጠ መድኃኒትና በጥንቃቄ የተደረገ ቀዶ ሕክምና በሠሩት ላይ ተጨማሪ ሆኖ እንጂ እነርሱን ተክቶ አይደለም። መሬቱ ሳይታረስና ሳይለሰልስ ምርጥ ዘር ብቻውን ምርት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ዘግይቶ የደረሰ የቆሸሸ ስብራትንም ምርጥ ሽፋን ብቻውን አያድነውም።